የበለዘ ጥርስና የተሰበረ ጥርስ፤ ስለ ክራውንና ስለ ቬኒር አሠራር

መግቢያ

ሰው ጥርሱን የሚያስጠግነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጥርሱ ተቦርቡሮ ወይም ተሰብሮ ማኘክ ሲያቅተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ጥርሱ ሳይጐድል መልኩ ብቻ ሲበላሽና በሰው ፊት መሣቅ ሲያሳፍረው ነው። ሁለቱም ችግሮች እውነተኞች ናቸው፤ መድኀኒታቸው ግን አንድ አይደለም። ለተሰበረ ጥርስ የሚደረገው ሕክምና ለበለዘ ጥርስ ቢደረግ ደኅና የነበረውን ጥርስ ያጐድላል። በዚህ ጽሑፍ ልናብራራ ያሰብነው ይህንኑ ልዩነት ነው።

ጉዳዩን እንድንመረምር ያደረገን በአገራችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የሚታየው የጥርስ መበለዝ ነው። በወንጂ፥ በመተሐራ፥ በዝዋይና በመሳሰሉት ቦታዎች ካደጉት ወጣቶች መካከል ጥርሳቸው ቡናማ የሆነባቸው ብዙዎች ናቸው። እነዚህ ወጣቶች ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሲመጡ፥ ጥርስን በነጭ ነገር ማልበስ እንደሚቻል ይሰማሉ። ያን ጊዜ የሚያስቡት ስለሚያገኙት መልክ ነው እንጂ ለዚያ ሲባል ስለሚሞረደው ጥርስ አይደለም። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ውሳኔው ከመደረጉ በፊት የነገሩን አሠራር ማወቅ ይገባል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

1. የጥርስ ተፈጥሮ

ከድድ በላይ የሚታየው የጥርስ አካል ሦስት ክፍሎች አሉት። ከሁሉ በላይ ያለው ኢናሜል የሚባለው ሽፋን ነው። ኢናሜል በሰው ሰውነት ውስጥ ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ የጠነከረ ሲሆን፥ ከክብደቱ ከመቶው 96 ያህሉ ማዕድን ነው። በፊት ጥርስ ላይ ውፍረቱ በጫፉ በኩል 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆንና ወደ ድድ በቀረበ መጠን እየሳሳ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ይደርሳል።

ከኢናሜል በታች ዴንቲን የሚባለው ክፍል ይገኛል። እርሱ ቢጫ መልክ ያለውና ከኢናሜል ይልቅ ለስላሳ የሆነ፥ እጅግ ጥቃቅን ቱቦዎች የሞሉበት አካል ነው። ጥርሳችን ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው የሚጠዘጥዘን ኢናሜሉ ሲሳሳ ወይም ድዱ ሲሸሽ እነዚህ ቱቦዎች ስለሚጋለጡ ነው። በመካከል ደግሞ ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ክፍል አለ። ጥርስ ሕይወት ያለው ነው የምንለው ይህ የውስጥ ክፍል ደኅና ሲሆን ነው።

አሁን ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድድን ሰንጥቆ በሚወጣበት ጊዜ ሥራቸውን ጨርሰው ይጠፋሉ። የተቈረጠ ቆዳ ይሽራል፤ የተሰበረ አጥንትም ወጌሻ በደንብ ቢያስረው ይገጥማል። የተቈረሰ ወይም የተሞረደ ኢናሜል ግን የሚተካው ሕዋስ ስለሌለ እንደ ጐደለ ይቀራል። የጥርስ ሐኪም የሚያደርገው ማንኛውም ጥገና የጐደለውን በሌላ ነገር መሸፈን ነው እንጂ ተፈጥሮን መመለስ አይደለም።

2. ክራውን ምንድን ነው?

ክራውን ማለት በእንግሊዝኛ ዘውድ ማለት ነው። ዘውድ ራስን ዙሪያውን እንደሚከብብ ሁሉ፥ ይህም ጥርሱን ከድድ እስከ ጫፍ ዙሪያውን ይሸፍነዋል። ለእኛ አነጋገር ግን ቆብ ብንለው ይበልጥ ይቀርባል፤ ምክንያቱም ከላይ ወደ ታች የሚጠለቅ ነው።

የክራውን ዋና አገልግሎት ደካማ ጥርስን ጠርንፎ መያዝ ነው። መንጋጋ ጥርስ በብዙ ተቦርቡሮ ግድግዳው ሲሳሳ፥ ወይም ነርቩ ሞቶ የጥርስ ሥር ሕክምና ከተደረገለት በኋላ፥ ጠንካራ ነገር በሚያኝክበት ጊዜ ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል። ተራ ሙሌት ቀዳዳውን ይደፍናል እንጂ የቀሩትን ግድግዳዎች አጥብቆ አይዝም። ክራውን ግን በበርሜል ላይ እንደሚታሰር የብረት ቀለበት ግድግዳዎቹን በአንድነት ይይዛቸዋል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሐኪሙ ጥርሱን በመርፌ ካደነዘዘ በኋላ ዙሪያውን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር፥ ከላይ በኩል ደግሞ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሞርደዋል። ከዚያ በኋላ የጥርሱን ልክ ይወስዳል። በዚህ ልክ መሠረት ክራውኑ በጥርስ ላቦራቶሪ ውስጥ እስኪሠራ ድረስ ሕመምተኛው ጊዜያዊ ሽፋን ይደረግለታል። በመጨረሻም ክራውኑ ተሞክሮ ሲስማማ በልዩ ሲሚንቶ ይጣበቃል። በዘመናችን ልኩን በካሜራ አንሥቶ ክራውኑን በኮምፒዩተር በሚመራ መሣሪያ መጥረብም ተችሏል። ይህ ዓይነቱ ሥራ በስዊትዘርላንድ በዙሪክ ከተማ በ1985 ዓ.ም. በሕመምተኛ ላይ ተጀመረ።

ክራውን የሚሠራበት ነገር ከዘመን ወደ ዘመን ተለዋውጧል። ለብዙ ጊዜ የሚመረጠው ወርቅ ነበረ። በ1907 ዓ.ም. ዊልያም ታጋርት የተባለ የአሜሪካ የጥርስ ሐኪም ለጥርስ የሚሆነውን ወርቅ በሰም ቅርጽ አማካይነት በትክክል ማፍሰስ እንደሚቻል ለሙያ ጓደኞቹ አሳየ። ዘዴው ለአገራችን አንጥረኞች እንግዳ አይደለም። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ጌጥ በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሲያቃጥለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ቦታ የቀለጠውን ወርቅ ያፈስበታል። ሰምና ወርቅ የምንለው የቅኔ ስም የመጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ለጥርስ ሲሆን ልዩነቱ መስተካከል ያለበት ልክ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ መሆኑ ነው።

ከወርቅ በኋላ የጥርስ መልክ ያለው ሸክላ፥ ማለት ፖርሴሊን፥ ገባ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ በዲትሮይት ከተማ ይሠራ የነበረው ቻርልስ ላንድ ሙሉ በሙሉ ከፖርሴሊን የተሠራ ክራውን አስተዋወቀ። መልኩ ያማረ ሲሆን በቀላሉ ይሰነጠቅ ነበረ። በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ ፖርሴሊንን ከወርቅ ቅይጥ ጋር አዋሕዶ የመተኰስ ዘዴ የፈጠራ መብት ተሰጠው፤ ከዚያም ወዲህ ውስጡ ብረት፥ ውጪው ፖርሴሊን የሆነው ክራውን በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። ዛሬ ደግሞ ዚርኮኒያ የተባለው እጅግ ጠንካራ ነጭ ነገር ብረቱን እየተካ ነው።

ክራውን እንዲጸና ከታቹ የሚይዘው የጥርስ አካል መኖር አለበት። ከክራውኑ ጠርዝ በላይ ዙሪያውን ቢያንስ 1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጤናማ ጥርስ ከሌለ፥ ክራውኑ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሊነቀል ወይም ሥሩን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጥሩ ጣራ በፈረሰ ግድግዳ ላይ አይቆምም።

3. ቬኒር ምንድን ነው?

ቬኒር ከክራውን የሚለየው ጥርሱን ዙሪያውን ሳይሆን የፊቱን ገጽ ብቻ የሚለብጥ በመሆኑ ነው። ተራ እንጨት በስስ የጥሩ እንጨት ገጽ እንደሚለበጥ፥ የፊት ጥርስም ከ0.3 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ፖርሴሊን ይለበጣል። ይህም ውፍረት ከጣት ጥፍር ብዙ የሚበልጥ አይደለም።

በ1930ዎቹ ዓመታት በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው የጥርስ ሐኪም ቻርልስ ፒንከስ ለሲኒማ ተዋንያን ስስ ገጾችን ያዘጋጅላቸው ነበረ። ይሁን እንጂ የሚጣበቁት ለሰው ሠራሽ ጥርስ በሚሆን ዱቄት ስለ ነበረ ለፊልም ማንሻ ብቻ ያገለግሉ ነበር፤ ተዋናዩም ምግብ ሲበላ ያወልቃቸዋል። ችግሩ ገጹን መሥራት ሳይሆን ማጣበቅ ነበረ።

ለዚህ ችግር መፍትሔውን የከፈተው የማይክል ቦኖኮር ምርምር ነው። እርሱም በ1955 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ኢናሜል ለጥቂት ጊዜ በፎስፈሪክ አሲድ ቢቀባ ገጹ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች እንደሚሞላና የፕላስቲክ ዓይነት ማጣበቂያ በእነዚህ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ አጥብቆ እንደሚይዝ አመለከተ። ከዚያም ራፋኤል ቦወን የተባለው ተመራማሪ በ1962 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ያገኘበትን ጠንካራ ሬዚን አዘጋጀ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የፖርሴሊኑ የውስጥ ገጽ ራሱ በሌላ አሲድ እንዲሻክር ተደረገ። ስለዚህ ዛሬ ቬኒር የሚይዘው ሁለቱም ገጾች ሻክረው በመካከላቸው ያለው ሬዚን ስለሚያጠባብቃቸው ነው።

ከዚህ የሚከተል አንድ ቁም ነገር አለ። ቬኒር በጥብቅ የሚይዘው ከኢናሜል ጋር ሲጣበቅ ነው። ሐኪሙ በጥልቀት ሞርዶ ኢናሜሉን ከጨረሰና ወደ ዴንቲኑ ከገባ፥ መያዣው ይደክማል፤ ጥርሱም ለቅዝቃዜና ለሙቀት ይጋለጣል። ስለዚህ የቬኒር ጥሩነት የሚለካው በተጨመረው ፖርሴሊን ውበት ብቻ ሳይሆን ከበታቹ በቀረው ኢናሜል ብዛት ጭምር ነው።

በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በቍጥር ማየት ይቻላል። ኤደልሆፍና ሶረንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፥ ለፊት ጥርስ ቬኒርና እርሱን ለመሰለ ስስ ሥራ ሲዘጋጅ ከሚታየው የጥርስ አካል ክብደት ከመቶው ከ3 እስከ 30 ያህል እንደሚወገድ ለክተዋል። ለሙሉ ክራውን ሲዘጋጅ ግን የሚወገደው ከመቶው ከ63 እስከ 72 ነው። ይህም ማለት በሙሉ ክራውን የተሸፈነ የፊት ጥርስ ከውስጥ የቀረው የቀድሞው አካሉ ከሲሶ ብዙ አይበልጥም ማለት ነው። ጥርሱ አስቀድሞ በመቦርቦር ተበልቶ ከሆነ የሚጐዳው ነገር ትንሽ ነው። ጥርሱ ሙሉና ጤነኛ ከሆነ ግን ጥፋቱ ታላቅ ነው።

4. ጥርስ ስለምን ይበልዛል?

በስምጥ ሸለቆ የሚታየው መበለዝ ፍሎሮሲስ ይባላል። ምክንያቱ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ መገኘቱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው ከፍተኛ ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ከተቈፈሩት ጕድጓዶች መካከል ከዚህ ልክ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ የተገኘባቸው አሉ። የስምጥ ሸለቆው አለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ በምድር ውስጥ የሚሄደውም ውሃ ሞቃትና ካልሲየም የሚያንሰው ነው። ካልሲየም በበቂ ቢኖር ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞ ወደ ድንጋይነት ይለውጠው ነበረ፤ እርሱ ስለሚያንስ ግን ፍሎራይዱ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል።

በሽታው በአገራችን ብቻ ያለ አይደለም። ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በ1901 ዓ.ም. በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ሥራ ሲጀምር የአገሬው ተወላጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ ዓመት ደከመ። በመጨረሻ በ1931 ዓ.ም. ቸርችል የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከነዚህ ቦታዎች የተላከለትን ውሃ መርምሮ በውስጡ ብዙ ፍሎራይድ መኖሩን አወቀ። ማኬይ ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ የእነዚህ ሰዎች ጥርስ መልኩ ቢበላሽም እንደ ሌላው ሰው በቀላሉ የማይቦረቦር መሆኑ ነበረ።

ፍሎራይድ ጥርስን የሚጐዳው ገና በመንጋጋ አጥንት ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው። የቋሚ ጥርሶች ኢናሜል፥ የመጨረሻውን መንጋጋ ሳይጨምር፥ ከልደት ጀምሮ እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ውስጥ ይሠራል። በዚህ ጊዜ ፍሎራይድ ከበዛ ኢናሜሉ በደንብ ሳይጠጥር ይቀርና ከውስጥ በኩል ጥቃቅን ክፍተቶች ይኖሩበታል። ጥርሱ ሲበቅል ኖራ የመሰለ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በኋላ ግን ከምግብና ከመጠጥ የሚገኘው ቀለም በክፍተቶቹ ውስጥ እየገባ ቡናማ ያደርገዋል። ጕዳቱ ቀላል ሲሆን ስስ ነጭ መስመሮች ብቻ ይታያሉ። መካከለኛ ሲሆን ቡናማ ቀለም ይኖረዋል። ሲከፋ ግን ኢናሜሉ እየተቈረሰ ገጹ ይጐደጕዳል።

ከዚህ እንደምንረዳው የበለዘ ጥርስ ባለቤቱ ጥርሱን ባለመፋቁ የመጣ አይደለም። አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለውን ወጣት ንጽሕናውን እንደማይጠብቅ አድርገው ይገምቱታል። በእውነቱ ግን ጠዋትና ማታ በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ ቢያጸዳው ቀለሙ ከኢናሜሉ ውስጥ ስለ ሆነ አይለቅም። በአመድ፥ በከሰል ወይም በአሸዋ መፈተግ ኢናሜሉን ያሳሳዋል፤ ሎሚ መቀባትም አሲዱ ኢናሜሉን ስለሚያሟሟው ይጐዳል።

5. ለበለዘ ጥርስ ሊደረግ የሚገባው

ከላይ ከተነገረው መረዳት እንደሚቻለው፥ አብዛኛውን ጊዜ የበለዘ ጥርስ መልኩ የከፋ እንጂ አቅሙ የደከመ አይደለም። ስለዚህ ሕክምናው መጀመር ያለበት ጥርስን በጥቂቱ ከሚነካው ነው። ያ ካልበቃ ወደሚቀጥለው ይኬዳል። ቅደም ተከተሉንም እንደሚከተለው እንዘረዝራለን።

አንደኛ፥ መወልወልና ማንጣት። ክሮልና ካቫኖው የተባሉ ሐኪሞች በ1986 ዓ.ም. ባስተዋወቁት ዘዴ፥ ሐኪሙ አሲድንና የደቀቀ ድንጋይን አደባልቆ የኢናሜሉን ላይኛ ገጽ ይወለውለዋል። የሚወገደው ከ1 ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ፥ ቢበዛ ከሁለት አሥረኛ ገደማ የማያልፍ ነው። ቀለሙ ከገጹ ብዙ ያልራቀ ከሆነ በዚህ ብቻ ቡናማው ይጠፋል። አስፈላጊ ሲሆን በሐኪም ክትትል የማንጫ መድኀኒት ይጨመርበታል። ይህ ሥራ ድድንና ዓይንን በደንብ ሸፍኖ በሐኪም እጅ ብቻ የሚደረግ ነው።

ሁለተኛ፥ ክፍተቶቹን በሬዚን መሙላት። እጅግ ቀጭን ሬዚን በኢናሜሉ ክፍተቶች ውስጥ እንዲሰርግ ይደረጋል። ይህም በተለይ ነጭ ነጠብጣብን ለማደብዘዝ ይጠቅማል።

ሦስተኛ፥ በኮምፖዚት መለበጥ። ኮምፖዚት ጥርስ የሚሞላበት የጥርስ መልክ ያለው ነገር ነው። ሐኪሙ በአንድ ቀጠሮ በቀጥታ በጥርሱ ላይ እየቀባ ቅርጽ ይሰጠዋል። ብዙውን ጊዜ ጥቂት ወይም ምንም መሞረድ አያስፈልገውም፤ ቢቈረስም እዚያው ይጠገናል። ጕድለቱ ከፖርሴሊን ይልቅ ቶሎ የሚያልቅና ቡናና ሻይ ቀለሙን የሚለውጡት መሆኑ ነው።

አራተኛ፥ የፖርሴሊን ቬኒር። ቀለሙ ጥልቅ ከሆነ፥ ወይም ገጹ ከተጐደጐደ፥ ወይም ከላይ ያሉት ተሞክረው ካልበቁ ይህ ተገቢ ይሆናል። ነገር ግን በፍሎሮሲስ የተጐዳ ኢናሜል ላይኛው ገጹ አሲድን ስለሚቋቋም፥ ማጣበቂያው እንደ ጤነኛው ጥርስ በቀላሉ ላይዝ ይችላል። ሐኪሙ ይህን አውቆ በልዩ ጥንቃቄ ማዘጋጀት አለበት።

አምስተኛ፥ ክራውን። ይህ የሚገባው ኢናሜሉ በብዙ ተቈርሶ ያለቀ፥ ወይም ከመበለዙ በላይ ጥርሱ የተቦረቦረ ወይም የተሰበረ ሲሆን ነው። ሙሉውን የበለዘ ጥርስ በቀጥታ ለክራውን መሞረድ ግን የቆሸሸን ግድግዳ ቀለም ከመቀባት ይልቅ አፍርሶ እንደ መሥራት ያለ ነገር ነው።

6. ከመሞረድ በፊት ሊታሰብ የሚገባው

ክራውንም ሆነ ቬኒር ለዘለዓለም አይኖርም። በጥሩ ሐኪም የተሠሩት ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያለ ችግር እንደሚያልፉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ 10 እና 15 ዓመት፥ ከዚያም በላይ የሚያገለግሉ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ስሌቱን እንሥራው። ዕድሜው 20 ዓመት የሆነ ወጣት የፊት ጥርሶቹን ዛሬ ክራውን ቢያስደርግና እያንዳንዱ 15 ዓመት ቢያገለግል፥ በ35፥ በ50 እና በ65 ዓመቱ መለወጥ ይኖርበታል። አሮጌው ተፈልቅቆ አዲሱ ሲደረግ በየጊዜው ከጥርሱ ጥቂት መጐደሉ አይቀርም። ስለዚህ ወጣቱ የሚከፍለው ዋጋ የዛሬውን ብቻ ሳይሆን የሚመጡትን ሦስት ጊዜያት ጭምር ነው።

ሌላም ነገር አለ። በወጣትነት ጊዜ የጥርሱ የውስጥ ክፍል ሰፊ ስለ ሆነ በጥልቀት መሞረድ ነርቩን ሊጐዳው ይችላል። ነርቩ ከሞተ የጥርስ ሥር ሕክምና ያስፈልጋል። ድዱም ገና ቦታውን ይዞ ያልጨረሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ እንዲህ ያለውን ሥራ ማቈየትን ይመርጣሉ። በእንቅልፍ ጊዜ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰውም ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት፤ ስሱ ፖርሴሊን በዚህ ሊሰነጠቅ ይችላልና።

ስለዚህ ጥርሱን ለማስጠገን የሚሄድ ሰው ሐኪሙን የሚከተሉትን ቢጠይቅ መልካም ነው። ከጥርሴ ስንት ሚሊ ሜትር ይሞረዳል? ከሥራው በኋላ ኢናሜል ይቀርልኛል ወይስ አይቀርም? ሳይሞረድ የሚደረግ ሌላ መንገድ አስቀድሞ ሊሞከር ይችላል? የሚመጣውንስ መልክ በጊዜያዊ ኮምፖዚት አስቀድሜ ለማየት እችላለሁ? ቢሰበር የሚጠግነው ማን ነው፥ ዋጋውስ ስንት ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች ግልጽ መልስ የሚሰጥ ሐኪም ሊታመን ይችላል። በአንድ ቀጠሮ ስድስት ወይም ስምንት ጤነኛ ጥርሶችን ሞርዶ ለመጨረስ የሚቸኩል ግን ቢታለፍ ይሻላል።

ከሥራው በኋላም ቢሆን ጥንቃቄው አይቋረጥም። ክራውንና ቬኒር ራሳቸው አይቦረቦሩም፤ ነገር ግን ከጥርሱ ጋር በሚገናኙበት ጠርዝ፥ በድዱ አጠገብ፥ ጥርሱ ሊቦረቦር ይችላል። ብዙዎቹ የሚበላሹትም በዚሁ በኩል ነው። ስለዚህ በየቀኑ ያንን ጠርዝ ማጽዳትና በየጊዜው ለሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጥርሱ ካልታመመ መልኩን መታገሥ ነው የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በአገራችን የጥርስ ንጣት ከጥንት ጀምሮ የተወደደ ነው፤ እናቶቻችን ድዳቸውን ይነቀሱ የነበሩት ከሌላው ምክንያት ጋር ጥርሳቸው ነጥቶ እንዲታይ ነበረ። ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን፥ በክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ ዝም የሚል ተማሪ በእውነት ተጐድቷል። ስለዚህ የምንለው ይታከም ነው፤ ሆኖም የታከመበት መንገድ በኋላ ዘመኑ ጥርሱን የሚያሳጣው እንዳይሆን ነው።

7. ስለ ውሃው

ለትልቁ ወንድም ቬኒር ሲታሰብ፥ በቤት የቀሩት ታናናሾች ዛሬም ያንኑ ውሃ የሚጠጡ ከሆነ ሥራው በግማሽ ቀርቷል። በየቤቱ የተለመዱት የውሃ ማጣሪያ ዘዴዎች ለፍሎራይድ አያገለግሉም። ውሃን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ፍሎራይድን ግን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን የቀረው ይወፍራል። ክሎሪን መጨመርም ሆነ በጨርቅ ማጥለል እንዲሁ ፍሎራይድን አይቀንስም።

የሚያገለግሉ ዘዴዎች ግን አሉ። አንደኛው ተቃጥሎ ከሰል በሆነ አጥንት ማጣራት ነው። ሁለተኛው በሕንድ አገር ናልጎንዳ በተባለው ቦታ ስም የሚጠራው፥ ኖራና የአሉሚኒየም ጨው በውሃው ላይ ጨምሮ ማዝቀጥ ነው። ሁለቱም በአገራችን ስምጥ ሸለቆ ተሠርቶባቸዋል። ሦስተኛውና ከተቻለ የሚመረጠው ፍሎራይዱ ትንሽ ከሆነ ምንጭ ወይም ወንዝ ንጹሕ ውሃን በቧንቧ ማምጣት ነው። የዝናብ ውሃ ማጠራቀምም ይረዳል፤ ፍሎራይዱ እጅግ ትንሽ ነውና።

ለቤቱ ሁሉ የሚበቃ ንጹሕ ውሃ ማግኘት ባይቻል እንኳ፥ ለማጠቢያ የሚሆነው ሌላ ሊሆን ይችላል። ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑት ልጆች መጠጫና ለምግባቸው ማብሰያ የሚሆነው ውሃ ግን ተለይቶ ቢዘጋጅ፥ ከጥርሳቸው መበለዝ ብዙው ይቀራል። ይህን ለማድረግ የሚበቃው በቀን ለአንድ ልጅ ጥቂት ሊትር ነው።

መደምደሚያ

ያብራራነውን በአጭሩ ስንሰበስበው እንዲህ ነው። ክራውን የተሰበረን ጥርስ ለማቆም የተፈጠረ ታላቅ ሥራ ነው፤ በቦታው ሲውል መነቀል የነበረበትን ጥርስ ለብዙ ዓመት ያቈያል። ቬኒር የፊት ጥርስን ገጽ ለማሳመር ይጠቅማል፤ ኢናሜሉ ሲቀር ይጸናል። የበለዘ ጥርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም በፊት በቀላል ሥራ ሊሻሻል ይችላል። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የባለ ጥርሱም ኀላፊነት ነው፤ ምክንያቱም ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፥ ጥርሱ ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል።

በዚህ ዓመት በስምጥ ሸለቆ የተወለደ ሕፃን የፊት ቋሚ ጥርሶቹ የሚበቅሉት ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜው ነው። መልካቸው ግን የሚወሰነው ከአሁን ጀምሮ በሚጠጣው ውሃ ነው። ከአካባቢው የመጣ ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰቡ ሲመለስ ከጕድጓዱ ውሃ ጥቂት በጠርሙስ ይዞ መጥቶ ፍሎራይዱን በላቦራቶሪ ቢያስለካ፥ ለራሱ ጥርስ ብዙ ባይጠቅመውም ለታናናሾቹ ጥርስ ይደርስላቸዋል።